የአሮጌ ትሬይለር የውስጥ ግድግዳ እድሳት፦ ቀለም፣ ወረቀት ወይስ አዲስ ኮምፔርሳቶ?

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። በሜሪላንድ የሚኖሩ አንድ አባወራ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራ፣ 24 ጫማ ርዝመት ያለው ተጎታች ትሬይለር ከቀድሞ ባለቤቱ ገዝተዋል። የውጭው ቆዳ ሞገድ ያለው አሉሚኒየም ነው፤ የውስጡ ግድግዳ አበባ የታተመበትና በዕድሜ ብዛት ወደ ቢጫነት ያደላ ልባስ አለው፤ ከኋላው መስኮት ሥር ደግሞ የመዳፍ ስፋት ያህል ቡናማ እድፍ ይታያል። ልባሱ ላይ በቀጥታ ቀለም መቀባት ይቻል እንደሆነ፣ ራሱ በሚለጠፍ የግድግዳ ወረቀት መሸፈን ይሻል እንደሆነ፣ ወይስ ሁሉንም ገንጥሎ በአዲስ መተካት ግድ እንደሚል፣ ሥራውም በአንድ ቅዳሜና እሑድ ያልቅ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ክቡር ጠያቂ፤ የታተመውን ልባስ መቀባት ይቻላል። በደንብ ከታጠበና የሚይዝ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ከተቀባ ቀለሙ ለዓመታት ሳይላጥ ይቆያል፤ የእኔም ምርጫ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ከሦስቱ አማራጮች የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው ያ ከመስኮቱ ሥር ያለው እድፍ ስለሆነ፣ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት ሳያውቁ የቀለም ቆርቆሮ እንዳይከፍቱ አሳስባለሁ።

ይህን የምልበት ምክንያት የግድግዳው አሠራር ነው። የውጭ ቆዳው አሉሚኒየም በሆነ ትሬይለር ግድግዳው የሚቆመው በቀጭን የእንጨት ቋሚና ማገር ሲሆን፣ የእንጨቱ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኢንች ተኩል አይበልጥም። በቋሚዎቹ መካከል የፋይበርግላስ ጥጥ ይገባል፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ላዋን የሚባል ኮምፔርሳቶ በስቴፕል ይመታበታል። እርስዎ እንደ ግድግዳ ወረቀት የሚያዩት አበባ ፋብሪካው በኮምፔርሳቶው ላይ የለጠፈው የታተመ ወረቀት ወይም ስስ ቪኒል ነው። ሁለት ገበታዎች የሚገናኙበትን መስመር ቀጭን የጣውላ ወይም የፕላስቲክ ጥብጣብ ይሸፍነዋል። ግድግዳው የሚለብሰው ቁም ሳጥኖቹና የአልጋ ሳጥኖቹ ከመተከላቸው በፊት ስለሆነ ገበታው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አልፎ ይሄዳል፤ እንዲያውም ቁም ሳጥኑን የያዙት አንዳንድ ብሎኖች ከውጭ፣ ከአሉሚኒየሙ ሥር የገቡ ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም ገንጥሎ መተካት ማለት የቤቱን ዕቃ በሙሉ መፍታት፣ አንዳንድ ቦታም የውጭውን ቆዳ ማንሳት ማለት ነው። እንጨቱ በሰፊው ካልበሰበሰ በስተቀር ይህን ሥራ ለማንም አልመክርም።

የውጭ ቆዳቸው ለስላሳ ፋይበርግላስ የሆነ ትሬይለሮች አሠራራቸው ብዙውን ጊዜ የተለየ ነው። በእነዚያ የውስጡ ኮምፔርሳቶ፣ ፎሙና የውጭው ቆዳ በሙጫ ተጣብቀው አንድ ገበታ የሆኑ ስለሆነ የውስጡን ብቻ መላጥ አይቻልም፤ ውኃ ሲገባባቸውም ሙጫው እየለቀቀ ግድግዳው ይነፋል። የዚህ ዓይነት ትሬይለር ያላቸው አንባቢዎች ከዚህ በታች ስለ መቁረጥና መተካት የምጽፈውን በእነሱ ግድግዳ ላይ እንዳይሞክሩት እለምናለሁ።

ወደ እድፉ እንመለስ። ውኃ ወደ ትሬይለር የሚገባባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ጣሪያው ከግድግዳው የሚገናኝበት ጠርዝ፣ የማዕዘን አሉሚኒየም ሽፋኖች፣ የመስኮት ፍሬሞች፣ ከላይ የተደረደሩት ትንንሽ የጠርዝ መብራቶች፣ በጣሪያው ላይ ያሉ የአየር መውጫ ቀዳዳዎች። የገባው ውኃ ግን በገባበት ቦታ አይታይም። ማገሩን ተከትሎ ይጓዛል፣ ጥጡን ያርሳል፣ ከዚያም ከመግቢያው ብዙ ጫማ ርቆ እድፍ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ከመስኮት ሥር ያለ እድፍ መነሻው መስኮቱ ሳይሆን ከሱ በላይ ያለው የጣሪያ ጠርዝ ሊሆን ይችላል።

ለምርመራው ሁለት ሹል መርፌ ያለው የእንጨት እርጥበት መለኪያ ያስፈልግዎታል። መርፌ የሌለው፣ ከላይ ብቻ የሚያርፈው ዓይነት ከጀርባ ባለው ብረት ሊሳሳት ስለሚችል ለዚህ ሥራ አልመርጠውም። በመጀመሪያ ደረቅ መሆኑን እርግጠኛ በሆኑበት የውስጥ መከፋፈያ ላይ ለክተው ቁጥሩን ይያዙ፤ ቀጥለው አራቱን ማዕዘኖች፣ ከእያንዳንዱ መስኮት በላይና በታች ያለውን ቦታ፣ የላይኞቹን ቁም ሳጥኖች ውስጣዊ ጥግና ከአልጋው ሥር ያለውን ግድግዳ ይለኩ። ከ15 በመቶ በታች ከሆነ እንጨቱ ደህና ነው፤ ከ20 በመቶ ካለፈ መበስበስ የሚጀምርበት ደረጃ ላይ ነው። መርፌዎቹ ትንንሽ ቀዳዳ ስለሚተዉ ጥብጣቡ በሚሸፍነው መስመር ላይ ይውጉ። ከዚያ በመዳፍዎ ግድግዳውን ጫን ጫን እያደረጉ ይሂዱ። ገበታው ከገባ፣ ከተንኮሻኮሸ ወይም ከቋሚው ጋር እንዳልተያያዘ ሆኖ ከተሰማዎ፣ ጥብጣቡን አንስተው እንጨቱን በወስፌ ይውጉት። ጤናማ እንጨት ወስፌውን ይመልሳል፤ የበሰበሰ ያስገባዋል።

እድፍ ሁሉ ከውጭ የገባ ውኃ ነው ማለትም አይደለም። የዚያ ዘመን ትሬይለሮች መስኮታቸው አንድ መስታወት ብቻ ያለውና ፍሬሙ አሉሚኒየም የሆነ በመሆኑ፣ በክረምት የሰው ትንፋሽ፣ የድስት እንፋሎትና የሚነደው የፕሮፔን ጋዝ የሚያወጣው ውኃ በቀዝቃዛው መስታወት ላይ ጠል ሆኖ ወደ ግድግዳው ይወርዳል። በዚህ የተነሳ የሚመጣው እድፍ ከመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ታች ይሳሳል፣ ፍራሽ ከግድግዳው ጋር በተጠጋበት ቦታም ጥቁር ነጠብጣብ ያበጃል። ከውጭ የገባው ግን ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ጠቆር ያለ፣ እንደ ካርታ የተዘረጋ፣ ከዝናብ በኋላም የሚታደስ ነው። ከጥሩ ዝናብ በፊትና በኋላ አንድ ቦታ ላይ መለካት ከብዙ ግምት ያድናል።

መግቢያውን ለማግኘት ያለ ልዩ መሣሪያ የሚሠራ ዘዴ አለ። መስኮቶቹንና የጣሪያ ቀዳዳዎቹን ዘግተውና በፕላስተር አሽገው፣ በአንዱ መስኮት ወይም በጣሪያ ቀዳዳ ኃይለኛ ማራገቢያ አየር ወደ ውስጥ እንዲነፋ አድርገው ያስገጥሙ። ከዚያ ሳሙና የተቀላቀለበት ውኃ በውጭ መጋጠሚያዎቹ ላይ ይርጩ፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ውኃም የሚገባበት ቦታ ነው። መስኮቱ ከሆነ ብሎኖቹን ፈትተው ፍሬሙን በሙሉ ያውጡ፣ የደረቀውን አሮጌ ማሸጊያ ጠርገው በአዲስ የቢዩቲል ጥብጣብ (ጎማ መሰል ተጣባቂ ማሸጊያ) ይመልሱት። ከውጭ ዙሪያውን ሲሊኮን መቀባት ጥገና አይደለም፤ ውኃውን ከውስጥ አፍኖ ያስቀራል፣ በኋላም ሥራውን በትክክል ለመሥራት የሚመጣውን ባለሙያ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲሊኮን ያስፍቀዋል። ለጣሪያው መጋጠሚያ ከጣሪያው ልባስ ጋር የሚስማማ፣ ራሱ የሚተኛ የትሬይለር ማሸጊያ ይጠቀሙ፤ ማሸጊያው ከየትኛው የጣሪያ ዓይነት ጋር እንደሚሄድ በዕቃው ላይ ተጽፏል።

ሻጋታ ካገኙ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መመሪያ ከ10 ካሬ ጫማ በታች ከሆነ የቤቱ ባለቤት ራሱ ሊያጸዳው እንደሚችል ይናገራል፤ ኤን-95 ጭምብል፣ ጓንትና አየር የማያስገባ መነጽር ግን ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናነሳው በረኪና ነው። ያው ኤጀንሲ በረኪናን እንደ መደበኛ ዘዴ አይመክረውም፤ የሞተ ሻጋታም አለርጂ ሊቀሰቅስ ስለሚችል ዋናው ነገር መግደሉ ሳይሆን ማስወገዱ ነው። ከቪኒሉ በላይ ያለው በሳሙናና በውኃ ተፈግፍጎ ይጠፋል። ኮምፔርሳቶው ውስጥ የገባው ግን አይጠፋም፤ ያ ክፍል ተቆርጦ ይጣላል። የረጠበ ጥጥም እንዲሁ።

እድፍዎ የመዳፍ ስፋት ብቻ ስለሆነ፣ ቁራጭ የመተካት ሥራ ቢያስፈልግ እንኳ አያስፈራም። ከመቁረጥዎ በፊት የ120 ቮልቱን መስመር ከትሬይለሩ ይንቀሉ፣ ባትሪውንም ያላቅቁ፤ ሽቦዎች በግድግዳው ውስጥ ያለ መከላከያ ቱቦ የሚያልፉበት ቦታ ብዙ ነው። ጥብጣቡን አንስተው፣ የተበላሸውን ገበታ ከአንዱ ቋሚ መካከለኛ መስመር እስከ ሌላው ቋሚ መካከለኛ መስመር ድረስ ይቁረጡ፤ የመቁረጫው ጥልቀት ከገበታው ውፍረት እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። ክፍቱን ማራገቢያ እያደረጉ፣ መለኪያው ከ15 በመቶ በታች እስኪያሳይ ድረስ ያድርቁት፤ በሜሪላንድ የበጋ እርጥበት ይህ ቀናት ሳይሆን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ የአየር እርጥበት መሳቢያ መሣሪያ ካለዎት ያፋጥነዋል። ጫፉ ብቻ የተበላ ቋሚን ከጎኑ ጤናማ እንጨት በሙጫና በብሎን አጣምረው ያጠንክሩት። አዲሱን ላዋን ከመግጠምዎ በፊት ጀርባውንና አራቱንም ጠርዞቹን ፕራይመር ይቀቡ፤ ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ኮምፔርሳቶ እርጥበት የሚጠጣው ግን በዋናነት በጠርዙ ነው። ብሎን ሲመርጡ ገበታውን አልፎ እንጨቱን የሚይዝ፣ ግን ወደ እንጨቱ ከግማሽ ኢንች በላይ የማይገባ ይሁን። ከግድግዳው ሙሉ ውፍረት የረዘመ ብሎን አሉሚኒየሙን በስቶ አዲስ የውኃ መግቢያ ይከፍታል።

አዲስ ኮምፔርሳቶ ሲገዙ የፎርማልዴሃይድ ልቀቱ በሕግ ከተወሰነው በታች መሆኑን የሚያረጋግጥ ምልክት እንዳለው ይመልከቱ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ ለተፈናቃዮች በሰጣቸው ትሬይለሮች ውስጥ ይህ ጋዝ በዝቶ ተገኝቶ ነበር፤ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሉ በ519 ቤቶች ላይ ባደረገው ልኬት አማካዩ ከቢሊዮን 77 እጅ ነበር። የእርስዎ አሮጌ ግድግዳ ከ1994 ጀምሮ ያለውን አውጥቶ ጨርሷል ማለት ይቻላል። የሚያሳስበው አዲሱ ቁራጭ ነው፤ እሱም አነስተኛ ስለሆነ መስኮት ከፍቶ ጥቂት ቀናት ማናፈስ ይበቃዋል።

እርሳስ ስላለበት ቀለምም ሊጠይቁ ይችላሉ። በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ እርሳስ ያለበት ቀለም የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለሆነ በእርስዎ ትሬይለር የፋብሪካ ልባስ ይህ አያሰጋም። የ1950ዎቹ ወይም የ1960ዎቹ ትሬይለር ያለው ሰው ግን አሮጌ ቀለም ላይ የብርጭቆ ወረቀት ከማሳረፉ በፊት ያስመርምር። በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ግድግዳዎች በሼላክ (በአልኮል በሚሟሟ የተፈጥሮ ቫርኒሽ) የተወለወለ የበርች እንጨት ናቸው፤ እነሱን ነጭ ቀለም መቀባት በእኔ አስተያየት ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። ቀለም የሚላጠው በቀለሙ ጥራት ጉድለት አይደለም፤ ከሥሩ ባለው ቅባት ምክንያት ነው። በትሬይለር ውስጥ ምድጃው ከአልጋው ጥቂት እርምጃ ብቻ ስለሚርቅ የቁሌቱ እንፋሎት፣ የእጣኑና የቡናው ጭስ ሁሉ ግድግዳው ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀመጣል፤ የቀድሞው ባለቤት ሲጋራ ያጨሱ ከነበረ ይባስ። (ቡና በከሰል ማፍላት የለመዳችሁ ቤተሰቦች ከሆናችሁ ከሰሉ ከትሬይለሩ ውጭ ይቆይ፤ በዚያች ጠባብ ክፍል የከሰል ጭስ ቀለም ከማበላሸት አልፎ ሰው ይገድላል።) ግድግዳውን ቲ ኤስ ፒ በሚባለው ዱቄት ወይም በምትኩ በሚሸጠው ቅባት አጣቢ ከታች ወደ ላይ ይጠቡ፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ሁለት ጊዜ ይለቅልቁ። ስፖንጁ ጨምቀው የወጣ እንጂ ውኃ የሚያንጠባጥብ አይሁን፤ በመጋጠሚያው የገባ ውኃ ኮምፔርሳቶውን ከጀርባ ያሳብጠዋል። ሲደርቅ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ብቻ ደባበስ ያድርጉት። የታተመው ወረቀት ስስ ስለሆነ ጫን ብለው ከፈገፈጉ ይቦጨቃል፣ የተቦጨቀውም ቦታ ከቀለሙ በታች እንደ ጠባሳ ይታያል። ልባሱ የተነሳባቸውን ጠርዞች በእንጨት ሙጫ መልሰው ይለጥፉ፤ የማይመለሰውን በስለት ቆርጠው ያስተካክሉ።

ፕራይመሩ የሥራው ልብ ነው። ተራ የግድግዳ ፕራይመር ቪኒልን አይዝም፤ በዕቃው ላይ አንጸባራቂ ወለልን እንደሚይዝ የተጻፈበት ይሁን። እድፍ፣ የሲጋራ ቢጫነት ወይም የቆየ ሽታ ባለበት ግድግዳ እኔ የምመርጠው በሼላክ የተሠራውን ነው፤ ዚንሰር የሚባለው ኩባንያ የሚያመርተው ቢ-አይ-ኤን በብዛት ይገኛል። እድፉን አፍኖ ያስቀራል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም ይደርቃል። ሽታው ግን ከባድ ነው፣ መሟሟቻው አልኮል ስለሆነም እንፋሎቱ በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ ከመክፈትዎ በፊት የፕሮፔኑን ሲሊንደር ራሱን ይዝጉ፤ የምድጃውን ቁልፍ መዝጋት ብቻውን አይበቃም፣ ፍሪጁ፣ የውኃ ማሞቂያውና የቤት ማሞቂያው የየራሳቸው ነበልባል አላቸውና። መስኮቶችን በሙሉ ከፍተው፣ ለቀለም እንፋሎት የተሠራ ባለ ከሰል ማጣሪያ ጭምብል አድርገው ይሥሩ። እድፍና ሽታ በሌለበት ቀሪው ግድግዳ ላይ በውኃ የሚሟሟውና ጠንክሮ የሚይዘው ዓይነት በቂ ነው።

ሁሉንም ከመቀባትዎ በፊት በቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ቦታ አጥበው፣ ፈግፍገው፣ ፕራይመርና ቀለም ቀብተው ለጥቂት ቀናት ይተዉት። ከዚያ በምላጭ የመስቀል ምልክት ጭረው ፕላስተር ለጥፈው በኃይል ይንቀሉት። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ አጠባዎ ወይም ፕራይመርዎ አልበቃም ማለት ነው።

ለላይኛው ቀለም ሙሉ በሙሉ አክሪሊክ የሆነ፣ የሳቲን ደረጃ አንጸባራቂነት ያለው ይበጃል። ጭራሽ የማያንጸባርቅ ቀለም በጠባብ ቤት ውስጥ የእጅና የትከሻ ምልክት ቶሎ ይይዛል፤ በጣም የሚያብለጨልጨው ደግሞ የገበታውን እብጠት ሁሉ ያጋልጣል። ባለ 4 ኢንች ትንሽ ሮለርና የማዕዘን ብሩሽ ይበቃዎታል። አንድ ጋሎን ለአንድ ጊዜ ቅብ ከ350 እስከ 400 ካሬ ጫማ ይሸፍናል፤ መስኮትና ቁም ሳጥን ከተቀነሰ በኋላ ለሁለት ጊዜ ቅብ ከሁለት ጋሎን በላይ አይፈልጉም። ፀሐይ የመታው የአሉሚኒየም ግድግዳ ከውስጥም ስለሚግል ቀለሙ ሳይተኛ ይደርቃል፤ ትሬይለሩን በጥላ አቁመው፣ ሙቀቱ ከ50 እስከ 85 ዲግሪ ፋራናይት ባለበት ሰዓት ይሥሩ።

መጋጠሚያዎቹን በስቱኮ ሞልተው ግድግዳውን እንደ ቤት ግድግዳ ወጥ ለማድረግ አይሞክሩ። ትሬይለር በተጎተተ ቁጥር ይወዛወዛል፤ ስቱኮው ከመጀመሪያው ጉዞ አይተርፍም። ጥብጣቦቹን ለብቻቸው ቀብተው መልሰው መምታት ንጹሕም ዘላቂም ነው፤ የሚቀሩትን ስስ ክፍተቶች ቀለም በሚይዝ የአክሪሊክ ማሸጊያ ይሙሉ። ንጹሕ ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም።

ራሱ የሚለጠፈውን ወረቀት ለሙሉ ግድግዳ አልመክርም። በፀሐይ የቆመ ትሬይለር ውስጡ በበጋ እጅግ ይግላል፣ በክረምት ይቀዘቅዛል፤ ወረቀቱ በዚህ መካከል እየተኮማተረ ጠርዙ ይነሳል። ከዚህ የባሰው ጉዳቱ ግን አዲስ የውኃ መግቢያ ቢከፈት ከቪኒሉ ጀርባ ተደብቆ ለወራት መቆየቱ ነው። በቀለም የተቀባ ግድግዳ በሳምንት ውስጥ እድፉን ያሳይዎታል። ልጆቹ ወይም ባለቤትዎ ሥዕል ያለው ግድግዳ ከፈለጉ፣ ውጭውን በማይነካው የውስጥ መከፋፈያ ላይ ይለጥፉት፤ ያ ግድግዳ ውኃ አያየውም።

በአሮጌው ላይ አዲስ ገበታ መደረብስ? ስስ ላዋን ከሆነ ያስኬዳል፤ አንዱ ባለ 4 በ8 ጫማ ገበታ 10 ፓውንድ ገደማ ነው። ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው የጂፕሰም ቦርድ ግን በተመሳሳይ ስፋት 50 ፓውንድ ሊደርስ ይችላል፣ መንቀጥቀጥም ያደቀዋል። የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ከትሬይለሩ ውጭ፣ በግራ ጎን ከፊት በኩል በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በመጎተቻው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት፤ ከባድ ጣውላ በኋላው ግድግዳ ላይ ሲጨመር ይህ ክብደት ይቀንስና ትሬይለሩ በአውራ ጎዳና ላይ መወዛወዝ ይጀምራል። ከምድጃው ጀርባ ላለው ቦታ ደግሞ ከቀለምም ከወረቀትም ይልቅ ስስ የማይዝግ ብረት ላሜራ ይምረጡ።

ስለ ጊዜው፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ አያልቅም። የውኃውን መግቢያ ፈልጎ ማሸግና ዝናብ ጠብቆ ማረጋገጥ በራሱ ከአንድ ሳምንት በላይ ይወስዳል፤ ማድረቁ እንደ እርጥበቱ ነው። ግድግዳው ደረቅ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ለአጠባና ለፕራይመር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ ለሁለቱ ቅቦች ሌላ አንድ ይመድቡ። ሲቀቡ የጋዝ ማስጠንቀቂያውን፣ የማሞቂያውን አየር መሳቢያ ወንፊትና የአደጋ መውጫ መስኮቱን ማጠፊያ አይቀቡ፣ አይሸፍኑም። ማስጠንቀቂያውን ሲያወርዱት ከጀርባው የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ይመልከቱ፤ በዚህ ዕድሜ ባለ ትሬይለር ላይ ቀኑ ያለፈበት ማግኘት የተለመደ ነው፣ ያኔ አዲስ ይግጠሙ። አክሪሊክ ቀለም ሲነኩት ቢደርቅም ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ፍራሹንና ትራሶቹን ከግድግዳው አርቀው፣ የቁም ሳጥን በሮችን ገርበብ አድርገው ይተዉ፣ ግድግዳውንም በሳሙና አይጠቡ።